ገጽ ስንት ደረስሽ?

የደብተሬ የመጀመሪያ መስመር «መስከረም 18፤ ገጽ 11» ይላል። ሌላ ምንም አልጻፍኩበትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማነበውን ሁሉ እየመዘገብኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ከመጽሐፍ ጋር ተኳርፋችሁ መታረቅ ያቃታችሁ ካላችሁ፣ የሆንኩትን እንዳለ ላካፍላችሁ።

ድሮ አንባቢ ነበርኩ። ሁለተኛ ደረጃ ሳለን ለአንድ መጽሐፍ አምስት ልጆች ተራ እንይዝ ነበር። ሁለት ሌሊት ካሳለፍሽ ባለተራው በር ላይ መጥቶ ይቆማል። ከዚያ ሥራ መጣ፣ ስልክም መጣ። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ዳታ ሲቋረጥ በእኛ ሰፈር መጽሐፍ እንደገና ከቤት ቤት መዞር ጀመረ። እኔም በዚያ ጊዜ ስድስት መጻሕፍት ጨረስኩ። ዳታው ሲመለስ ሰባተኛውን ገጽ 40 ላይ ተውኩት።

ያሳዘነኝ ጊዜ ማጣቴ አይደለም። ጊዜማ ነበረኝ። አንድ ገጽ ላይ መቆየት ነው ያቃተኝ። ዓይኔ መስመሩን ይጨርሳል፣ ልቤ ሌላ ቦታ ነው። ገጹን ገልጬ ምን እንዳነበብኩ ራሴን ስጠይቅ ባዶ ነኝ።

ጎረቤታችን ጡረታ የወጡ የአማርኛ መምህር ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ «አሁን ምን እያነበብሽ ነው?» አሉኝ። እኔ ያነበብኳቸውን መቁጠር ጀመርኩ። በትዕግሥት ሰሙኝና «እሱንማ አንብበሽዋል። እኔ የጠየቅኩሽ ዛሬ ገጽ ስንት ላይ እንዳለሽ ነው» አሉ። የምነግራቸው ገጽ አልነበረኝም። ሌሊቱን ሙሉ ከነከነኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት ጣና ዳር መገናኘት የጀመርነው ከዚያ በኋላ ነው። አምስት ነን። ዋርካው ሥር ጀበና ቡና የምታፈላ ልጅ አለች፣ እዚያ እንቀመጣለን። ደንቡ የጋሼ ነው። እያንዳንዱ ሰው የመጽሐፉን ስምና የደረሰበትን ገጽ ይናገራል። ከዚያ ካለበት ገጽ አንድ አንቀጽ ጮክ ብሎ ያነባል። ታሪኩን መተረክ አይፈቀድም። «ወድጄዋለሁ፣ አልወደድኩትም» ማለትም መጽሐፉ እስኪያልቅ ይቆያል። መጀመሪያ ደንቡ ከበደኝ። አሁን ግን ሁሉም ነገር የቆመው በዚች በምትነበበው አንቀጽ ላይ ይመስለኛል። ጮክ ብለሽ ስታነቢ ዓይን የሚዘለውን ቃል ሁሉ አፍ ይይዘዋል። ሳምንቱን ሙሉ ስንት ቃል እየዘለልኩ እንደነበር ያወቅኩት መጀመሪያ ቀን ነው። አንድ አንቀጽ ውስጥ ሦስት ቦታ ተደናቀፍኩ።

የመጀመሪያ መጽሐፌ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር። በኋላ «ጦቢያ» ተብሎ የታወቀው ማለት ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ መሆኑን ሁላችንም ለፈተና ሸምድደነዋል። ሲያነበው ያየሁት ሰው ግን አልነበረም። እኔን የሳበኝ ሌላ ነገር ነው። ሰውየው በ1860 ዓ.ም. ዘጌ ነው የተወለደው። ዘጌ ማለት ከዋርካችን ሥር ሆነሽ ቀና ስትዪ ከውኃው ማዶ የሚታየው ጥቁር ደን ነው። ይኸው ደን ያበቀለው ሰው ነው ጣሊያን አገር ተቀምጦ በአማርኛ ልብ ወለድ የጀመረው። ይህን እያሰብኩ ሌላ መጽሐፍ ማንሳት አልቻልኩም።

መጽሐፉ ቀጭን ነው፣ መቶ ገጽ እንኳ አይሞላም። እኔ ግን ስምንት ሳምንት ያህል ፈጀብኝ። ያገኘሁት የድሮውን ኅትመት ፎቶኮፒ ነው። በየቃሉ መካከል ሁለት ነጥብ አለ። እኛ ባዶ ቦታ የለመድን ሰዎች ነን፣ ሁለት ነጥቡ ዓይንን ይይዛል። በመጀመሪያው ሳምንት ተናደድኩበት። በሁለተኛው ሳምንት እንደ እርምጃ ሆነልኝ። ቃል፣ ነጥብ፣ ቃል፣ ነጥብ። መሮጥ አይቻልም። ልቤ ገጹ ላይ መቀመጥ የጀመረችው በእነዚያ ነጥቦች ይመስለኛል።

ታሪኩ ስለ መንትዮቹ ዋህድና ጦቢያ ነው። ዋህድ ከቤት ወጥቶ ሲጠፋ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ፍለጋ ትወጣለች። ከመቶ ዓመት በፊት በተጻፈ መጽሐፍ መንገዱን የምትመራዋ ሴት ልጅ ስትሆን ደስ አለኝ። ስለ ጸሐፊው ደግሞ መናገር ያለብኝ አለ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከወራሪው ጎን የቆመ ሰው ነው። ይህን እያወቅኩ አማርኛውን ሳነብ የምደሰትበት ጊዜ አለ፣ የምዘጋውም ጊዜ አለ። ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ሁለቱንም ይዘሽ አንብቢ፣ አንዱን አትጣይ» አሉኝ። እንደዚያ ነው የጨረስኩት።

የመጨረሻዎቹን ገጾች ዘጌ ሄጄ ነው ያነበብኳቸው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ነው። በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ይወስዳል። ፎቶኮፒውን በፌስታል ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ያዝኩት፣ ጠርዙ ግን ከመራስ አልዳነም። ከወደቡ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የሚወጣው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ነው። በዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ የለም። ከአቡነ በትረ ማርያም ጊዜ የመጣ ቃል ኪዳን ነው ይላሉ። ደኑ እስከ ዛሬ የቆየውም በዚህ ነው። ቡናው ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር፣ ጥላ ውስጥ ይበቅላል።

ዕቃ ቤቱ ውስጥ የብራና መጻሕፍት አሉ። የሚያሳዩት አባት አንዱን ገልጠው በቅርብ እንዳየው ፈቀዱልኝ። የገጹ ዳር ላይ በወስፌ የተወጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በሰልፍ ወርደዋል። ጸሐፊው መስመሩን የሚያሰምረው በእነሱ ነው። የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም ነው። አንዳንዱ ቅጠል ጠርዝ ላይ ደግሞ ባለቀለም ክር ተሰፍቷል። «ይህ ምንድን ነው አባቴ?» አልኳቸው። «ምልክት ነው። የሚነበብበት ቦታ እንዳይጠፋ» አሉኝ። ደብተሬ ላይ የዚያን ቀን የጻፍኩት «ዘጌ፤ ጨረስኩ፤ ክር» የሚል ብቻ ነው።

የጓደኞቼንም ልንገራችሁ። ጋሼ የዳኛቸው ወርቁን «አደፍርስ» እንደገና እያነበቡ ነው። በ1962 ሲታተም ወጣት ነበሩ፣ ያኔ ከብዷቸው ትተውታል። አሁን በቀን አራት ገጽ፣ በእርሳስ እያሰመሩ ያነባሉ። አንድ ቅዳሜ ግማሽ ገጽ አንብበው እንደገና ከላይ ጀመሩልን። ማንም «ሰማነው እኮ» አላለም። የፖሊ ቴክኒኳ ተማሪ የምታነበው ከስልኳ ላይ ነው። የፒዲኤፉ ገጽ ከታተመው ጋር ስለማይገጥም ምዕራፍ ነው የምትነግረን። በዚህ ላይ አንድ ነገር ተስማምተናል። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ በቴሌግራም ሲዞር ብናገኝ አንቀባበልም። ሰው ሦስትና አራት ዓመት ለፍቶ የጻፈውን በነፃ መበተን ጽሑፉን መውደድ አይደለም። አምስተኛው ጓደኛችን ነርስ ነው፣ በአዳር ተረኛነት ምክንያት ብዙ ቅዳሜ ያመልጠዋል።

ብዙ ያከራከረን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነው። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» በትረካ ነው የሚሰማው። ጊዮርጊስ አካባቢ ተሳፋሪ ሲጠብቅ፣ ወረፋ ሲይዝ ጆሮው ላይ ነው። መጽሐፉ በ1975 ወጥቶ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ መሰብሰቡን፣ ደራሲውም በ1976 ደብዛው መጥፋቱን የነገረን እሱ ነው። ጋሼ ግን «መስማት ንባብ አይደለም» አሉ። ልጁ አልተቆጣም። «እሺ ጋሼ፣ ይጠይቁኝ» አለ። «የት ላይ አቆምክ?» አሉት። ያቆመበትን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ሊባል በሚችል ሁኔታ አወረደው። ጸጋዬ ምን እንዳለ፣ ፊያሜታ እንዴት እንደመለሰች፣ ድምፁ የት ጋ ዝቅ እንዳለ። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ «እንግዲህ ይህ ልጅ አንብቧል» አሉ። እኔም ከዚያን ቀን ወዲህ የሚሰማ ሰው የት እንዳቆመ ካወቀ አንባቢ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁሉን ነገር የቀየረልኝም ይኸው ነው።

ታኅሣሥ አስቸጋሪ ነበር። መሥሪያ ቤት የግማሽ ዓመት ሒሳብ መዝጊያ ነው። ደብተሬ ላይ ሦስት ሳምንት በተከታታይ «0» ተጽፏል። የመጀመሪያው ቅዳሜ ላለመሄድ አሰብኩ። ሄጄ «ገጽ አልጨመርኩም» አልኩ። «እሺ፣ ያለሽበትን አንቀጽ አንብቢልን» አሉኝ። ያንኑ አንቀጽ ሦስት ቅዳሜ አነበብኩት። ዜሮውን ባልጽፈው ኖሮ ደብተሩን እዘጋው ነበር። ይህን ለምትጀምሩ ሁሉ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ዜሮውንም ጻፉት።

ጥር ላይ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አነሳሁ። ሐዲስ አለማየሁ በ1958 ያሳተሙት፣ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ነው። ለቅዳሜ እንድለማመድ ማታ ማታ ክፍሌ ውስጥ ጮክ ብዬ አነብ ነበር። በሁለተኛው ቀን እማዬ በሩን ከፈተች። «ወጋየሁ እንደዚያ አይደለም የሚለው» አለችኝ።

እማዬ ፊደል ታውቃለች፣ ዓይኗ ግን ደክሟል። መጽሐፉን በእጇ ይዛ አታውቅም። በወጣትነቷ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ነው የሰማችው። ጎረቤት ሁሉ አንድ ሬዲዮ ከብቦ እንደሚሰማ ነገረችኝ። ይኸው ከስንት ዓመት በኋላ ድምፁ ጆሮዋ ላይ አለ። «እዚህ ጋ ይተነፍሳል» ትለኛለች። «ይችን ቀስ ብሎ ነው የሚያወርዳት።» የባጃጁን ልጅ ነገር ባልሰማ ኖሮ እማዬ ይህን መጽሐፍ አንብባለች ብዬ አላስብም ነበር።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ለእሷ ነው የማነበው። እራት ከተበላ በኋላ ባዘቶዋን ይዛ ትቀመጣለች። እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትፈትላለች። እንዝርቱ ሲሾር ትንሽ ድምፅ አለው። ደህና ስሄድ ድምፁ አይቋረጥም። ስቸኩል ይቆማል። ልብ የሚነካ ነገር ሲመጣም ይቆማል። ሁለቱን መለየት ተምሬያለሁ። ስቸኩል ቀና ብላ ታየኛለች፣ ሲነካት ግን ክሩን ነው የምታየው።

ቦጋለ መብራቱና ውድነሽ በጣሙ ልጃቸው እንዲያድግላቸው ለቤተ ክርስቲያን ሲሳሉት እንዝርቱ ቆመ። እኔ ያንን ቦታ ድሮ አንብቤ አልፌዋለሁ። በዛብህ እንዳያገባ የደራሲው ዘዴ ነው ብዬ ነው የገባኝ። እማዬ ግን ስለት ከአፍ ከወጣ በኋላ አንዲት እናት እንዴት እንደምትተኛ ነገረችኝ። ጎጃም ገጠር ስታድግ ለስለት የተሰጠ ልጅ ታውቃለች። እናቱ በየዓመቱ ክብረ በዓሉ ሲደርስ እህል አይበላላትም ነበር አለች። ያን ማታ ከሁለት ገጽ በላይ አልሄድንም። ቅዳሜ «ገጽ ስንት ደረስሽ?» ሲሉኝ ሁለት ገጽ ብቻ መጨመሬን ነገርኳቸው። እማዬ ያለችኝንም ነገርኳቸው። ታሪክ መተረክ ክልክል ቢሆንም ጋሼ አላስቆሙኝም።

አሁን መጋቢት ነው። ጉዱ ካሣን አግኝተነዋል። እማዬ እሱ ሲናገር ፈገግ ትላለች፣ ወዲያው ደግሞ ዝም ትላለች። ገጽ 214 ላይ ነን። ቀን ቀን ሥራ ቦታ ሾልኬ ወደፊት እንዳላነብ አስምላኛለች። መጨረሻውን እናውቀዋለን፣ ስሙ ራሱ ይናገራል። ለዚህም ይመስለኛል የማታቻኩለኝ።

ትናንት ማታ መብራት ጠፋ። የስልኬን መብራት አብርቼ ልቀጥል ስል «ዓይንሽን አትጉጂ፣ ዛሬ እዚህ ይብቃን» አለች። የገጹን ጫፍ ላጥፍ ስል እጄን ያዘችኝ። ከእንዝርቱ ላይ አንድ ስንዝር ፈትል በጥሳ ሰጠችኝ። በጨለማ ዳስሼ መሐሉ ላይ አስገባሁት።