ፎርማት የማያድነው ኪቦርድ

ውልና ማመልከቻ እየጻፍኩ ነው የምተዳደረው። ከአንድ የውልና ማስረጃ ቅርንጫፍ ፊት ለፊት ጠባብ ሱቅ አለችኝ። አንድ ኮምፒውተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን፣ በቃ። ይህን የምጽፈው ዋየርለስ ኪቦርድ ስገዛ «ቆይ እስቲ» የሚለኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ዋየርለስ ያስመረጠኝ ጠረጴዛዬ ነው። ደንበኛ ቦርሳውን ሲያነሳ የኪቦርዱን ገመድ አብሮ ይጎትታል። ሻጩም «እህት፣ ገመድ እኮ ድሮ ቀረ» አለኝ። ኪቦርድና ማውዙ በአንድ ካርቶን ናቸው፤ ሁለቱም የሚልኩትን በአየር በምትቀበል፣ ዩኤስቢ ላይ በምትሰካ አንዲት ሚጢጢ ሪሲቨር ይሠራሉ። ከሲፒዩው ጀርባ ሰካኋት፣ ባትሪ ከተትኩ፣ ሠራ።

ከዚያ ፊደል መብላት ጀመረ።

በእንግሊዝኛ አንድ ቁልፍ ቢያልፍ ፊደል ይጎድላል፤ ወርድም ቀይ ያሰምርበታል። በአማርኛ ጉዱ ሌላ ነው። «ለ»ን የምናገኘው ሁለት ቁልፍ መትተን ነው። ሁለተኛው ካልደረሰ «ል» ሆኖ ይቀራል። ከሩቅ ሲታይ ምንም የጎደለ ነገር የለም። የኔ ወርድ ደግሞ ለአማርኛ ምንም አያሰምርም። አንድ ሽማግሌ የመኪና ሽያጭ ውል አጻፉኝ። አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አደረጉና ጮክ ብለው አነበቡት፦ «መኪናዬን ሽጫልሁ።» ቀና ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እንቅልፍ አልጠገብሽም እንዴ?» አሉኝ።

ባትሪ ቀየርኩ። አልዳነም። ጥሩ የሚባለውን አልካላይን ገዛሁ። አልዳነም። የአማርኛ መጻፊያውን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። አንድ ቀን ደህና ይውላል፣ በማግስቱ ይብስበታል።

ቴክኒሻን ጠራሁ። መቼ መቼ እንደሚብስበት ጠየቀኝ። ጎረቤቴ ፎቶ ቤት ያለው ልጅ ሃርድ ዲስኩን ይዞ ሲመጣ ነው አልኩት። ልጁ የራሱ ኮምፒውተር ከተበላሸ ወዲህ የሰርግ ፎቶዎቹን እኔ ጋ ነው የሚገለብጠው። እሱ ሲገለብጥ እኔ መጻፌን እቀጥላለሁ። ቴክኒሻኑ ሌላ ነገር መስማት አልፈለገም። «አለቀ፣ ቫይረስ ነው» አለና ፎርማት አደረገው። ዴስክቶፕ ላይ የነበሩት የውል ናሙናዎቼ አብረው ሄዱ። እዚህ አገር ኮምፒውተር ምንም ይሁን ምን መድኃኒቱ ፎርማት ነው፤ አቧራ ቢገባበትም ፎርማት። ሂሳቡን ተቀብሎ ሄደ። በማግስቱ ልጁ ሃርድ ዲስኩን ሲሰካ ኪቦርዱ ወደ ልማዱ ተመለሰ። ለልጁ የተረፈው ሰፈር ውስጥ ስሙ በቫይረስ መጥፋቱ ነው።

ቫይረስ የለም። ዋየርለስ ኪቦርዶች በብዛት የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ነው። ዩኤስቢ 3.0፣ ያ ውስጡ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ የሆነው ፖርት፣ ዳታ ሲያስተላልፍ በዚያው ሞገድ አካባቢ ረብሻ ይለቃል። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ራሱ እ.ኤ.አ. በ2012 ይህንን ጽፎ አውጥቷል። የኔዋ ሪሲቨር ደግሞ ከሃርድ ዲስኩ ገመድ ጋር ተጣብቃ ነበር የተሰካችው። ልጁ መገልበጥ ሲጀምር እሷ ትደነቁራለች።

ለማረጋገጥ የሚከፈለው ቴክኒሻን አያስፈልግም። ሃርድ ዲስኩን ንቀሉና አንድ መስመር ሙሉ «ለለለለለለ» እያላችሁ ጻፉ። ከዚያ ሰክታችሁ ትልቅ ፋይል መገልበጥ አስጀምሩና በዚያው ፍጥነት እንደገና ጻፉ። የኔ ሁለተኛ መስመር «ለለልለልል» ይል ነበር። መፍትሔው አጭር የዩኤስቢ ማራዘሚያ ነው፤ ሪሲቨሯን ከሲፒዩው ጀርባ አውጥታችሁ ጠረጴዛ ላይ፣ ኪቦርዱ አጠገብ ታስቀምጧታላችሁ። ገመድ ላስቀር ብዬ የገዛሁት ዕቃ ገመድ አስገዛኝ ማለት ነው።

ካርቶኑ ላይ «እስከ 10 ሜትር» ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ስለ ሰማያዊው ፖርት አንዲት መስመር የለም። ሻጩ ጋ ስመለስ ደረሰኙን በጣቱ አሳየኝ፦ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። «ቢያንስ ለሚቀጥለው ሰው ንገረው» ብለው፣ «እኔ ኪቦርድ ነው የምሸጠው፣ ሬዲዮ አላስተምርም» አለኝ።

አሁን የምጽፈው በባለገመድ ነው። ዋጋው የዋየርለሱን ግማሽ እንኳ አይሞላም። ገመዱን በጠረጴዛው ሥር በፕላስተር ለጥፌዋለሁ፣ የማንም ቦርሳ አያገኘውም። በጽሕፈት እንጀራ የሚበላ ሰው ዋየርለስ ኪቦርድ አይግዛ ባይ ነኝ። ማራዘሚያው ችግሩን ቢፈታልኝም አልተመለስኩበትም። እ.ኤ.አ. በ2016 ባስቲል የተባለ የደኅንነት ኩባንያ አንዳንድ ርካሽ ዋየርለስ ኪቦርዶች የምንመታውን ሁሉ ሳያመሰጥሩ በአየር እንደሚልኩ፣ ከ70 ሜትር በላይ ርቆ ያለ ሰውም ሊያነበው እንደሚችል አሳይቷል። እኔ ቀኑን ሙሉ የምጽፈው የሰው መታወቂያ ቁጥርና የባንክ ሂሳብ ነው።

ብሉቱዝ ኪቦርድ ለታብሌት ይሁን። ዴስክቶፕ ላይ ግን ብዙዎቹ ዊንዶውስ እስኪነሳ አይሠሩም። ባዮስ ውስጥ፣ ማለትም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ ማስተካከያ ውስጥ፣ መግባት ሲያስፈልጋችሁ ባለገመድ ልመና ጎረቤት ትሄዳላችሁ።

ማውዙን አልጣልኩትም። ማውዝ ለአፍታ ቢደናቀፍ የማንንም ውል አያበላሽም።

ፕሪንተሩን በዋይፋይ አገናኙት የሚላችሁን ግን አትስሙ፣ መመሪያው ቢልም አትስሙ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ራውተሩ እስኪነሳ፣ ፕሪንተሩ ራውተሩን እስኪያገኝ፣ ኮምፒውተሩ «ኦፍላይን» ማለቱን እስኪተው ድረስ ደንበኛው ቀጥሎ ያለው ሱቅ ገብቶ አሳትሞ ወጥቷል።