የሙሽራዋን ዘፈን በእናቷ ድምፅ፦ ወደ መድረክ የተመለስኩበት መንገድ

ለ24 ዓመታት በቴአትር ቤት ድምፃዊትነት አገልግዬ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ 11 ዓመት ከመድረክ ርቄ ቆይቻለሁ። በ66 ዓመቴ ስመለስ ለኮንሰርቱ የመረጥኩት በተውኔት ውስጥ ገጸ ባሕርያት የሚያዜሟቸውንና ተውኔቱ ከመድረክ ሲወርድ አብረውት የተረሱትን ዘፈኖች ነበር። የሀገር ፍቅር ማኅበር በ1927 ዓ.ም. ተመሥርቶ ወደ ቴአትር ቤትነት ካደገ ወዲህ ዘፈንና ተውኔት አንድ መድረክ ሲጋሩ ኖረዋል፤ ሆኖም እኔ በተውኔት ከዘፈንኳቸው መካከል በካሴት የወጣ አንድም አልነበረም።

የመጀመሪያው ስሕተቴ ሁሉንም በቀድሞው የድምፅ ከፍታ ልዝፈን ማለቴ ነው። በሦስተኛው ልምምድ ድምፄ ተዘጋ፤ ሐኪሙም ለ10 ቀናት ትንፍሽ እንዳልል አዘዘኝ። ከዚያ በኋላ አቀናባሪው ዘፈኖቹን ዝቅ አደረገልኝ። ክራሩና ማሲንቆው ክራቸውን አላልተው ተስተካከሉ፤ ዋሽንት ግን የተበሳበትን ድምፅ ይዞ የሚኖር መሣሪያ ስለሆነ ተጫዋቹ ረዘም ያለ ሌላ ዋሽንት ይዞ መምጣት ነበረበት። (የኮረፈው ለአንድ ቀን ብቻ ነው።)

ከድምፁ ይልቅ ያስጨነቀኝ ግን ገጸ ባሕርይዋ ነበረች። በ30ዎቹ ዕድሜዬ በትዝታ ቅኝት የዘፈንኩት የሙሽራ እንጉርጉሮ፣ ከአባቷ ቤት ልትወጣ የተነሣች የ18 ዓመት ልጅ የምታዜመው ነው። ወጣት መስዬ ስሞክረው ለራሴም አሳፈረኝ። ከብዙ ልምምድ በኋላ፣ ግጥሙን ሳልነካ፣ ልጇን ድራ ባዶ ቤት የቀረች እናት የራሷን ሠርግ ስታስታውስ እንደምታንጎራጉረው አድርጌ ቀስ ብዬ ዘፈንኩት፤ ያን ጊዜ በድምፄ ውስጥ ያለው ሻካራነት ቦታውን አገኘ።

አልበሙን ከመድረክ በቀጥታ ለመቅዳት ሁለት ምሽት ይዘን ነበር። በመጀመሪያው ምሽት ራሴን እንድሰማ ከፊቴ የተቀመጠው ድምፅ ማጉያ በማይክሮፎኔ እየገባ ቅጂውን አበላሸው፤ በማግስቱ ዝቅ አድርገን ወደ ጎን አዞርነው። በዚያው በሁለተኛው ምሽት አንድ ስንኝ ጠፋኝና የሙዚቃ ባንዱ ሲጠብቀኝ ከፊት ወንበር አንዲት እናት ቃሉን አቀበሉኝ። ባለሙያው ስቱዲዮ ገብቼ እንድሞላው ቢመክረኝም እንቢ አልኩ፤ አሜሪካዊቷ ድምፃዊት ጁዲ ጋርላንድ በ1961 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ካርኔጊ አዳራሽ በዘፈነችው አልበም ላይ ግጥም ሲጠፋት እንደሚሰማ አውቅ ነበርና።

ዳግመኛ ብጀምር የማስቀድመው የቅጂ መብትን ጉዳይ ነው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ተቀጣሪ በሥራው ላይ እያለ የፈጠረው ሥራ የመጀመሪያ ባለመብት አሠሪው ነው። እኔ ግን ፈቃድ የጠየቅሁት የደራሲዎቹን ቤተሰቦች ብቻ ስለነበር፣ ትኬቱ ተሸጦ ካለቀ በኋላ ከቴአትር ቤቱ ጋር አዲስ ውል ለመጻፍ ተገደድኩ። ከ14ቱ ዘፈኖች 11ዱ አልበሙ ውስጥ ገቡ። የሙሽራዋ ዘፈን የመጨረሻው ነው፤ የእኚያ እናት ድምፅም ከሁለተኛው ዘፈን መካከል ይሰማል።