የወለላችን ሙቀት ወዴት ይሄዳል? የሦስት ሳምንት የስሌት ልምምዴ

እናቴ ታኅሣሥ ላይ ከአዲስ አበባ ፍራንክፈርት በመጣች በሁለተኛው ቀን «ብርዱ ከመስኮቱ አይደለም፤ ከመሬቱ ነው። ሕፃኑን ወለል ላይ አታስቀምጡት» አለች። እኔ ሁለት ክረምት ሙሉ የመስኮት ስንጥቅ ስደፍን ነበር የከረምኩት። የምንኖረው በሕንፃው የታችኛው ቤት ነው፤ ከሥራችን ማሞቂያ የሌለው ዕቃ ቤት አለ። የሕንፃ ሙቀት ስሌት መማር ጀምሬ ስለነበር የራሳችንን ወለል ለማስላት ተነሣሁ።

መጀመሪያ ውፍረቱን ማወቅ ነበረብኝ። ዕቃ ቤቱ ወርጄ የማሞቂያው ቧንቧ ሶሌታውን በሚያልፍበት ቀዳዳ ዳር ለካሁ፦ 16 ሴንቲ ሜትር አርማታ፣ በላዩ 4 ሴንቲ ሜትር ሊሾ፣ ከዚያ 2 ሴንቲ ሜትር የጥድ ጣውላ። ሙቀት መከላከያ የሚባል ነገር የለም። የእያንዳንዱን ውፍረት በሜትር ወስዶ ለሙቀት አስተላላፊነቱ ማካፈል ነው፤ የሚገኘው ቁጥር ሙቀትን የመግታት አቅሙ ነው። ጣውላው 0.02 ለ0.13 ሲካፈል 0.15፣ ሊሾው 0.04 ለ1.4 ሲካፈል 0.03፣ አርማታው 0.16 ለ2.3 ሲካፈል 0.07። ቁጥሩን ደግሜ አየሁት። ያ ሁሉ አርማታ ሙቀትን የሚገታው ቀጭኑ ጣውላ ከሚገታው በግማሽ እንኳ አይሞላም።

የተሳሳትኩት ከዚህ በኋላ ነው። በወለሉ ላይና ታች ተጣብቆ የሚቆየው ስስ አየርም ሙቀትን ስለሚገታ ይደመራል። ላይኛውን 0.17፣ ታችኛውን ደግሞ ነፋስ የሚነካው ይመስል 0.04 አልኩ። የሙቀቱን ልዩነትም በውጩ አየር ያዝኩ፦ ቤት ውስጥ 20 ዲግሪ፣ ውጭ 0። ድምሩ 0.46 ሆነ፤ 1 ለዚህ ሲካፈል ዩ የሚባለው መጠን (በአንድ ካሬ ሜትር፣ በአንድ ዲግሪ ልዩነት የሚያልፈው ዋት) 2.17 ይሆናል፤ በወለላችን 50 ካሬ ሜትርና በ20 ዲግሪ ሲባዛ 2,170 ዋት። ነገር ግን ከወለላችን በታች ያለው ደጅ አይደለም። ዕቃ ቤት ውስጥ አየሩ የረጋ ነው፤ ሙቀቱም ወደ ታች ስለሚሄድ አይኤስኦ 6946 በሚባለው ዓለም አቀፍ የስሌት ደረጃ አሠራር በሁለቱም በኩል የሚያዘው 0.17 ነው። ቴርሞሜትር አስቀምጬ ሦስት ሌሊት ሳነብ ደግሞ ዕቃ ቤቱ 8 ዲግሪ ነበር።

ስለዚህ ድምሩ 0.59፣ ዩ 1.69፣ የሙቀቱ ልዩነት 12 ዲግሪ። ውጤቱ 1,014 ዋት ሆነ፤ ከመጀመሪያው ግማሽ አይሞላም። ቢሆንም በቀን 24 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ አንድ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሌት ተቀን ለዕቃ ቤቱ እንደማቀጣጠል ማለት ነው።

ስሌቱን ማመን የቻልኩት ግን በወለሉ ፊት ሙቀት ነው። 1.69 ሲባዛ በ12፣ ሲባዛ በ0.17፣ በላይኛው ስስ አየር ውስጥ የሚወርደው 3.4 ዲግሪ ይሆናል፤ ከ20 ሲቀነስ 16.6 ዲግሪ። ሳይነካ የሚለካ ቴርሞሜትር ተውሼ ልጄ የሚጫወትበትን ቦታ ስለካ 16.3 አነበብኩ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። «እግሬ ነግሮኝ የለ?» አለች።

ከታች በኩል 10 ሴንቲ ሜትር ፎም ቢለጠፍስ? አስተላላፊነቱ 0.035 ስለሆነ 2.86 ይጨምራል፤ ዩ ወደ 0.29 ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ ላይ የዋለው የጀርመን የሕንፃ ኢነርጂ ሕግ እንዲህ ያለው የዕቃ ቤት ጣሪያ (የእኛ ወለል ማለት ነው) ሲታደስ የሚፈቅደው ከፍተኛው 0.30 ነው፤ ስለዚህ 8 ሴንቲ ሜትር አይበቃም። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ዕቃ ቤቱን እያሞቀ ያለው የእኛው ወለል ስለሆነ ከተሸፈነ በኋላ 8 ዲግሪ ላይ አይቆይም። 4 ዲግሪ ይወርዳል ብዬ ሳሰላው ብክነቱ 232 ዋት፣ የወለሉ ፊት 19.2 ዲግሪ ሆነ። የቧንቧዎቹም መጠቅለል አብሮ መታሰብ አለበት፤ ብርዱ ሲጠና ውኃው በረዶ እንዳይሆን።

ስሌቱን ለሕንፃው ባለቤት ሰጥቻለሁ፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ያልፈታሁት ግን የማዕዘኑን ጉዳይ ነው። የውጭው ግድግዳና ወለሉ በሚገናኙበት ጥግ ቴርሞሜትሩ 13.8 አነበበ፤ የእኔ ስሌት ደግሞ ለጠቅላላው ወለል አንድ ቁጥር ብቻ ነው የሚሰጠው። ፎሙን ከሶሌታው ሥር ብቻ ሳይሆን በዕቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ግማሽ ሜትር ወደ ታች ማውረድ ጥጉን ምን ያህል እንደሚያሞቀው ለማስላት አሁን የሙቀት ድልድይ (ሙቀት ከሌላው ቦታ ይልቅ በቀላሉ የሚያመልጥበት መገናኛ) የሚባለውን ምዕራፍ ጀምሬያለሁ። በእጅ አስልቶ የሞከረ ካለ የግድግዳውን ውፍረት ከነቁጥሩ ቢያካፍለኝ ደስ ይለኛል፤ የእኛው 36 ሴንቲ ሜትር ጡብ ነው።