«አህያዋንስ የት ነው የማስራት?»

በምሥራቅ ጎጃም ክረምት ዊልቸር የትም አይደርስም። ዋልካው ሲረጥብ የሰው ጫማ እንኳ አውልቆ ያስቀራል። እኛ ትምህርት ቤት ሦስተኛ ክፍል የሚማር፣ እግሮቹ የማይሸከሙት ልጅ አለ፤ አያቱ ናቸው በአህያ ጭነው የሚያመጡት። የስኩል ግራንቱ፣ ማለትም ለትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ድጎማ፣ ብር ወርዶ ወላጆች ሲሰበሰቡ፣ የዕቅዱ የመጀመሪያ መስመር ላይ «ራምፕ መሥራት»፣ ማለትም በደረጃ ፋንታ ዊልቸር የሚወጣበት ተዳፋት መሥራት፣ የሚል ነበር። አያቱ እማማ ከኋላ ተነሥተው «እሱስ ይሠራ፤ አህያዋንስ የት ነው የማስራት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

እኔ የልዩ ፍላጎት ተጠሪም የስብሰባው ጸሐፊም ስለሆንኩ ጥያቄያቸውን እንዳለ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈርኩት። እንስሳ ግቢ አይገባም የሚል ሕግ ነበረን። ስለዚህ አህያዋ ከአጥር ውጭ ትታሰራለች፤ ከበሩ እስከ ክፍሉ ያለውን ጭቃ እማማ ልጁን አዝለው ነው የሚሻገሩት። ዝናብ የከበደ ቀን ይቀራሉ። ሰኔ ላይ፣ መስከረም ላይ የልጁ ስም ፊት ለፊት በመቅሪያ ምልክት የተሞላው ለዚህ ነው። ክፍሉ ደጃፍ ላይ ስድስት ሜትር ራምፕ ብንገነባ ይህ አንዱም አይለወጥም ነበር።

ስድስት ሜትር ያልኩት በዘፈቀደ አይደለም። የክፍላችን ወለል ከመሬት ግማሽ ሜትር ከፍ ይላል፤ ደግሞ የራምፕ ተዳፋት አንድ ለአሥራ ሁለት መሆን አለበት፤ ለእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ አሥራ ሁለት ሴንቲ ሜትር ርዝመት። ሲሚንቶ በተወደደበት፣ መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ከነጭራሹ በማይገኝበት ጊዜ ይህ ቀላል ወጪ አይደለም። አንድ ያየሁት ትምህርት ቤት ለዚያው ከፍታ ሁለት ሜትር ብቻ ሠርቶ ፎቶ ተነሣበት። አሁን ልጆች ይንሸራተቱበታል።

እኛ ከወለሉ ጋር እኩል የሆነ የድንጋይ መደብ ከበረንዳው ጫፍ አስጠግተን አሠራን። አህያዋ ጎኑ ትቆማለች፣ ልጁ ከጀርባዋ መደቡ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ በእጁ እየተደገፈ ይገባል። ሁለት የባሕር ዛፍ ቋሚና የተረፈ ቆርቆሮ ጥላ ሆነ። የግቢው ሕግ ለአንዲት አህያ ተሻሻለ። ራምፑ በሚቀጥለው ዓመት ብር ተሠራ፣ እሱም ደህና ነው።

ችግሩ ደረሰኙ ላይ ነበር። መደቡን የሠሩት የሰፈራችን ግንበኛ ደረሰኝ የላቸውም፤ ሦስት ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ከየት ይመጣል? ደረሰኝ ያለው ተቋራጭ የሚገኘው ደብረ ማርቆስ ከተማ ነው፣ ለዚህች ሥራ ብሎ አይመጣም፣ ቢመጣም ለትራንስፖርቱ ብሩ ያልቃል። በመጨረሻ በኮሚቴ ውሳኔና በአውራ ጣት ፊርማ ከፈልናቸው። ሒሳብ መርማሪው አፍንጫውን ነፋ፣ ግን አለፈልን።

ስለ ገንዘቡ አንድ ነገር ልበል። ይህ ድጎማ በ2001 ዓ.ም. በአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ ፕሮግራም፣ እኛ ጂኪፕ በምንለው፣ ሲጀመር በተማሪ ቁጥር እየተሰላ ነው የወረደው። ቤት ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ልጅ ግን አይቆጠርም፤ ስለማይቆጠርም ለመቀበያው የሚሆን ብር አይመጣም። በኔ ግምት ከግራንቱ የመጀመሪያው ወጪ መምህር ለቡና ስኳር ይዞ ቤት ለቤት የሚዞርበት መሆን ነበረበት። «የታመመ ልጅ አለ ወይ?» ብለው ቢጠይቁ የለም ይባላሉ፤ ቡናው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነው ልጁ ከጓዳ የሚወጣው።

ዐይኗ በትራኮማ የተጎዳ ልጅም አለችን። ለእሷ ያደረግነው ከሁሉ የረከሰው ነው። ጥቁር ሰሌዳው አርጅቶ ግራጫ ሆኖ ነበር፤ ከሰልና ያለቀ የባትሪ ድንጋይ ፈጭተን ቀባነው፣ ከጣሪያው አንድ ቆርቆሮ አንሥተን ብርሃን የሚያሳልፍ ተካንበት፣ እሷን ፊት አመጣናት። መምህሩም የሚጽፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ለመደ። እነዋሸራና ጎንጅን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር ይህ እንዴት ብርቅ እንደሆነብን ይገርመኛል። የቅኔ ተማሪ ቅኔውን በጆሮው ሰምቶ በቃሉ ነው የሚይዘው፤ ማየት የተሳነውም ከጉባኤው እኩል ይቀመጣል። ሁሉን ነገር ሰሌዳ ላይ የሰቀልነው እኛ ነን።

ዘንድሮ ደግሞ ዐይነ ስውር ልጅ ሁለተኛ ክፍል ተመዘገበ። በጣት ለሚነበበው የብሬል ጽሑፍ ስሌቱም (የነጥብ መጻፊያ ሰሌዳው) ስታይለሱም (መውጊያው) ወፍራሙም ወረቀት ተገዛ። ብሬል የሚያነብ መምህር ግን የለንም። የአማርኛ ብሬል ደግሞ ቶሎ አይለመድም፤ ከሳድሱ በቀር አንዷ ፊደል ሁለት ቦታ ትይዛለች፣ ተነባቢዋ ለብቻ አናባቢዋ ለብቻ። ደብረ ማርቆስ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የሚማር ዐይነ ስውር ወጣት አገኘን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ልጁንም እኔንም ያስተምራል። የእሱንና መንገድ የሚመራውን ሰው የትራንስፖርት ወጪ «ሥልጠና» በሚለው ርዕስ ሥር ጽፈን ለወረዳ ልከናል። በጀቱ ሰኔ 30 ይዘጋል፣ መልስ አልመጣም። እስከዚያው የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሼ ከኪሳቸው እየከፈሉ ነው። ሚኒባስ ደረሰኝ አይቆርጥም።