«አዳማ ኖሬ አላውቅም»

ባለፈው ጥቅምት አያቴን ከወረኢሉ አስመጣኋት። ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች እማዬ ነው የምላት። ጉልበቷን ያማታል፤ ብቻዋን መኖርም ከብዷታል። ከእንግዲህ አዳማ እኔ ጋ እንድትቀመጥ ተስማምተን ነው የመጣችው።

በመጣች በሦስተኛው ቀን ቡና እየጠጣን «ናዝሬትን መቼ ነው የምታሳይኝ?» አለችኝ። በደርግ ጊዜ ከባሏ፣ ከወንድ አያቴ ጋር ናዝሬት 6 ዓመት ኖራለች። አገሯ የተመለሰችው እሱ ሲሞት ነው። እኔ የድሮ ሰፈሯ የናፈቃት መሰለኝ። «ጉልበትሽ ትንሽ ይሻለውና እወስድሻለሁ» አልኳት። ጨዋታው ወደ ሌላ ዞረ።

በሳምንቱ ለመታወቂያዋ ጉዳይ አንድ ቢሮ ሄድን። ተራችን ሲደርስ ፎቶ ኮፒ ጎደለ ተባለ። እሷን ወንበር ላይ አስቀምጬ ኮፒ ላስነሳ ወጣሁ። ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቆየሁም። ስመለስ ፊቷ ሌላ ሆኗል። ሰልፍ ላይ ያሉት ሰዎች ያዩዋታል፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች።

የሆነው ይህ ነው። እዚያ የሚሠራው ልጅ ፎርሙን እየሞላ «ከዚህ በፊት አዳማ ኖረው ያውቃሉ?» ብሎ ጠየቃት። «ኧረ እኔ አዳማ ኖሬ አላውቅም፣ ልጄ» አለችው። ቀጥሎ «የድሮ መታወቂያ ካለዎት» ሲላት ከመሐረቧ ፈትታ ሰጠችው። ጠርዙ ያለቀ የቀበሌ መታወቂያ ነው። ናዝሬት ከተማ ይላል። «ይኸው ኖረዋል እኮ! እማማ፣ ለምን ይዋሻሉ?» አላት። ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

በ«እርስዎ» ነው የተናገራት። ግን ምን ዋጋ አለው። ስድቡ ያው ስድብ ነው።

ቤት እስክንደርስ ቃል አልተነፈሰችም። ማታ ራት ቀርቦ እጇን ሳትሰድ «አንቺ ልጅ፣ እኔ አዳማ የኖርኩት መቼ ነው?» አለችኝ። ያኔ ነው የገባኝ። የተቀመጠችበት ከተማ ናዝሬት መሆኑን አታውቅም።

እንዴት ልታውቅ ትችላለች? ወንድሜ በመኪና ነው ያመጣት። ከአዲስ አበባ የተነሱት በፈጣን መንገዱ ነው። ይህ መንገድ እ.ኤ.አ. በ2014 ሲከፈት ከተሞቹን ጎን ለጎን እየተወ እንዲያልፍ ሆኖ ነው የተሠራው። እሷ የምታውቀው የድሮውን መንገድ ነው። እሱ ደብረ ዘይትንና ሞጆን መሃል ለመሃል ያቋርጣል። ለእማዬ ናዝሬት ማለት ከሞጆ ቀጥላ የምትመጣ ከተማ ናት። ሞጆን ሳያዩ ናዝሬት መድረስ የሚባል ነገር የለም። አዳማ የሚለውን ስም ደግሞ በሬዲዮ ከኳስ ወሬ ጋር ሰምታዋለች። ሌላ ከተማ መስሏት ነው የኖረችው።

የስሙን ነገር የማያውቅ አንባቢ ካለ፣ ባጭሩ ይህ ነው። የከተማዋ ቀዳሚ ስም አዳማ ነው። አፄ ኃይለ ሥላሴ በመጽሐፍ ቅዱሷ ናዝሬት ስም ሰየሟት። እ.ኤ.አ. በ2000 አዳማ የሚለው ስም በይፋ ተመለሰላት። ኦሮምኛ ከሚናገሩ ሽማግሌ ደንበኞቼ ብዙዎቹ መጀመሪያም ቢሆን ናዝሬት ብለው አያውቁም። ለእነሱ ስሙ ሄዶ የመጣ አይደለም፤ እዚያው የነበረ ነው።

«ደንበኞቼ» ያልኩት ማመልከቻ ጸሐፊ ስለሆንኩ ነው። 11 ዓመት ሠርቼበታለሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም እጽፋለሁ። ክስ፣ መልስ፣ አቤቱታ፣ ቃለ መሐላ። ለፌዴራል ፍርድ ቤት የሚሄድ ክስ ስጽፍ መጨረሻው ላይ የማልረሳት አንድ መስመር አለች። በ1958 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 92 መሠረት የቀረበው ሁሉ እውነት መሆኑን አረጋግጣለሁ የምትል። ባለጉዳዩ ከሥሯ ይፈርማል። እንግዲህ ስንት ሰው ስለ እውነት እንደፈረመ ያየሁ ሰው ነኝ። ያም ሆኖ የእማዬ ነገር ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ ነሳኝ። ዋሽታለች? አልዋሸችም። ያለችው ግን እውነት ነበር? አልነበረም።

ቋንቋችን ለዚህ ጉዳይ ሦስት ቃል ሰጥቶናል። ሐሰት አለ፣ ስህተት አለ፣ ውሸት አለ። ትምህርት ቤት ፈተና ላይ «እውነት ወይም ሐሰት በማለት መልስ/ሽ» ሲባል ማንም አይሰደብም። ሐሰት የዓረፍተ ነገሩ ነው። የተባለው ከሆነው ጋር አልገጠመም ማለት ነው፣ በቃ። ስህተት የአማኙ ነው። አንድ ሰው ያልሆነውን ሆነ ብሎ አምኗል። ውሸት ግን የልብ ነው። ያላመኑትን ያመኑ መስሎ መናገር ነው።

ችግሩ አፋችን ላይ ሦስቱ ይቀላቀላሉ። «ውሸት ነው» ስንል አንዳንዴ «ልክ አይደለም» ማለታችን ብቻ ነው። ጓደኛ የሚያስገርም ወሬ ሲያወራ «ውሸትሽን ነው!» እንላለን፤ ማንም አይቀየምም። ወንበር ላይ ያለ ሰው ለባለጉዳይ ሲናገረው ግን ሌላ ነው። ልጁ መታወቂያውን ሲያይ ሐሰት መሆኑን አወቀ። እስከዚያ ድረስ ትክክል ነው። ከዚያ ወደ ውሸት ዘለለ። መሃል ላይ ስህተት የምትባል ትልቅ አገር አለች፣ እሷን ሳያይ አለፈ። ልክ ወንድሜ ሞጆን ሳያሳያት እንዳለፈው።

የቤተ ክርስቲያን መምህሩ አውግስጢኖስ ይህን ከ1600 ዓመት በፊት ሰሜን አፍሪካ ሆኖ ለይቶታል። ስለ ውሸት ብቻ አንድ መጽሐፍ ጽፏል። ሐሰት የተናገረ ሁሉ ውሸታም አይደለም ይላል፤ እውነት ብሎ አምኖ ከሆነ። የሚገርመኝ ግልባጩ ነው። ሰውየው ሐሰት ነው ብሎ አምኖ የተናገረው ነገር ሳያውቀው እውነት ሆኖ ቢገኝስ? ዋሽቷል ይላል አውግስጢኖስ።

ይህን ደግሞ በዓይኔ አይቻለሁ። አንድ ሰው ተከራዩ ሳይነግረው ክፍሉን ለሌላ አከራይቷል ብለሽ ጻፊልኝ አለኝ። «አይተሃል ወይስ ሰምተህ ነው?» አልኩት። ለሁሉም የምጠይቀው ጥያቄ ነው። አላየም፤ አልሰማም። «ብቻ ጻፊው፣ ክሱ ይጠነክራል» አለ። አልጻፍኩለትም፤ ሌላ ቦታ አስጻፈ። ከወር በኋላ እየሳቀ መጣ። ነገሩ እውነት ሆኖ ተገኝቷል። «አየሽ፣ አልዋሸሁም» አለኝ። ያን ቀን መልስ አጣሁለት። ዛሬ አለኝ። ወረቀቱ እውነት ነው፣ አንተ ግን ዋሽተሃል።

የግሪኩ ፈላስፋ አሪስጣጣሊስ ያለው ደግሞ በአማርኛ ሲባል ለእኛ የተጻፈ ይመስላል። ያለውን አለ፣ የሌለውን የለም ማለት እውነት ነው፤ ያለውን የለም፣ የሌለውን አለ ማለት ሐሰት ነው። እስቲ «አለ» የምትለዋን ቃል አስተውሉ። ሲጠብቅ መኖር ነው። ሲላላ መናገር ነው። ፊደሉ አንድ፣ ነገሩ ሁለት። ሰው «አለ» ያለው ነገር በእርግጥ ካለ እውነት ተናገረ። ሁለቱ «አለ» ሲገናኙ ማለት ነው። ይህን ለባለጉዳዮቼ ሳስረዳ ፊታቸው ይበራል። ግሪክኛውን አላውቅም፣ በአማርኛ ግን እንዲህ ያምራል።

ግን ያለውን አለ ለማለት መጀመሪያ ስም ያስፈልጋል። የእማዬ ጣጣ እዚያ ጋ ነው። ፍሬጌ የሚባል ጀርመናዊ የሒሳብ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1892 ያሳተመው ጽሑፍ ስለዚህ ነው። አጥቢያ ኮከብና የምሽት ኮከብ አንድ ናቸው፤ ሁለቱም ቬነስ የምትባለው ፕላኔት ናት። ነገር ግን አንዱን አውቆ ሌላውን ያላወቀ ሰው አለ። አንዱ ስም ባለበት ቦታ ሌላውን ብንተካ የዓረፍተ ነገሩ እውነትነት አይነካም። «እምነቷ ይህ ነው» ስንል ግን መተካት አንችልም። እማዬ ናዝሬት እንደኖረች ታምናለች። አዳማ እንደኖረች አታምንም። ከተማዋ አንድ ናት፤ እምነቱ ሁለት ነው።

በቀን ቁጥርም ያው ነው። አንዲት ሴት እያለቀሰች መጥታ ነበር። ፓስፖርቷ ላይ የትውልድ ዘመኗ 1990 ነው፣ የክርስትና ካርዷ ላይ 1982። «አንዱ ውሸት ነው ተባልኩ» አለች። አንዱም ውሸት አይደለም። አንዱ እ.ኤ.አ. ነው፣ ሌላው ዓ.ም.። ቁጥሩ ብቻውን እውነትም ሐሰትም አይሆንም። የማን አቆጣጠር እንደሆነ እስክንናገር ገና ምንም አላልንም። ያቺን ማብራሪያ በግማሽ ገጽ ጻፍኩላት። ከጻፍኳቸው ሁሉ የምኮራበት እሱን ነው።

ወደ እማዬ ልመለስ። ያን ሌሊት ጋደም ብዬ የተናገረችውን ደጋግሜ አልኩት። አዳማ ኖሬ አላውቅም። በአማርኛ አንድን ነገር ፈጽሞ አላደረግሁም ለማለት «አላውቅም» እንላለን። በልቼ አላውቅም፣ አይቼ አላውቅም። ማወቅን ከመሆን ጋር አጣብቀነዋል። ቃሉን እንደልማዱ ከሰማነው እማዬ ያለችው ሐሰት ነው። ቃል በቃል ከወሰድነው ግን ኖራለች፣ አታውቅም። ከዚህ በላይ ትክክል የሆነ ዓረፍተ ነገር ከየት ይመጣል?

ቅዳሜ በባጃጅ ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ወሰድኳት። ባቡሩ መምጣት ካቆመ ዓመታት አልፈዋል። እሷ ግን እዚያ እንቁላል ቅቅል ሸጣለች። ወደ ጅቡቲ የሚሄዱ መንገደኞች በመስኮት እጃቸውን እየዘረጉ ይገዟት ነበር። ሐዲዱን ስታይ ምርኩዟን ተክላ ቆመች። ግራ ቀኝ አየች። «ይሄማ ናዝሬት ነው» አለች። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና የስሙን ነገር ነገርኳት። ብዙ ጊዜ ዝም አለች።

«እንግዲያ ያን ልጅ ዋሸሁት» አለችኝ።

«አልዋሸሽም እማዬ። ተሳስተሽ ነው።»

«ያልኩት ልክ ነበር?»

«ልክ አልነበረም።»

«ወረቀቱ ላይስ ተጽፏል?»

«ተጽፏል።»

«ታዲያ ይስተካከላ!»

ሰኞ ጠዋት ይዣት ሄድኩ። እኔ ልጁን ልናገረው ተዘጋጅቼ ነበር፤ እሷ ቀደመችኝ። «ልጄ፣ ናዝሬትና አዳማ አንድ ናቸው አሉኝ። ባቡር ጣቢያውን አይቼ አረጋገጥኩ። 6 ዓመት እዚሁ ነበርኩ። ጻፍልኝ» አለችው።

ልጁ ግራ ገባው። «ታዲያ ያን ቀን ለምን ኖሬ አላውቅም አሉኝ?»

«አላውቅማ!» አለችው።

ልጁ እኔን አየኝ፤ ከዚያ እሷን አያት። ከወንበሩ ተነሳ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ እማዬ» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ፎርሙን ከፋይሉ አወጣ። የድሮውን መልስ በአንድ መስመር ሰርዞ ከጎኑ አዲሱን ጻፈ።

«አንብብልኝ» አለችው። አነበበላት።