«ደበረኝ» ሲባል ምን ይቆጠራል?

ከዓመታት በፊት ስለ ድብርት የሚጠይቅ የእንግሊዝኛ ቅጽ ወደ አማርኛ ሲመለስ ከተርጓሚዎቹ አንዱ ነበርሁ። ቅጹ ዘጠኝ አጫጭር ጥያቄዎች አሉት፤ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ነጥብ ይሰጣል፤ ድምሩ ቢበዛ 27 ይሆናል። እስከ ምሳ ሰዓት እንጨርሰዋለን ብለን ተቀምጠን ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ስንከራከር መሸብን። የክርክሩ መነሻ «ድብርት» የሚለው ቃል ነበር። በሕክምና ትምህርት ድብርት የሕመም ስም ነው፤ በሰፈር ቋንቋ ግን መብራት የጠፋበት ልጅ «ደበረኝ» ይላል፤ ቡና ያልጠጣ ሰው ይደብረዋል፤ ያልጣመ ፊልምም «ይደብራል» ይባላል። «ድባቴ» ይሻላል ያለም ነበር፤ ነገር ግን ቃሉን ከሬዲዮና ከጋዜጣ ውጭ የሚናገረው ሰው ማግኘት አቃተን። «ሐዘን» እንበለው ያለችው ባልደረባችን ሐሳቧን ራሷ አነሣችው፤ ምክንያቱም በእኛ አገር ሰውን «ሐዘን ላይ ነህ?» ብሎ መጠየቅ ማን እንደሞተበት መጠየቅ ነው። «መከፋት» ደግሞ ወደ ቅያሜ ያደላል። በመጨረሻ ሦስት አራት ቃላት ደርድረን፣ አንዱ ባይገባው ሌላው ይገባዋል በሚል ተስፋ ጥያቄውን አስረዘምነው።

ያን ጊዜ ነገሩ የተርጓሚ ራስ ምታት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ያነበብኋቸው ጥናቶች ግን፣ በአእምሮ ጤና ምርምር ውስጥ እስከ ዛሬ ካልተፈቱት ጥያቄዎች አንዱ በዚያች ጠረጴዛ ላይ እንደነበረ አሳይተውኛል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ በቶሮንቶ የተካሄደ ጥናት 342 ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ጠይቆ፣ በሕይወት ዘመናቸው የድብርት ሕመም የደረሰባቸው 9.8 በመቶ እንደሆኑ ዘግቧል። ይህ መጠን ቶሮንቶ ካለችበት የካናዳ ክፍለ ግዛት ከኦንታሪዮ ነዋሪ በጥቂቱ ይበልጣል፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ከተገመተው ግን ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። ይህን ልዩነት በሁለት መንገድ ማንበብ ይቻላል። አንደኛው ስደት ሰውን ይጎዳል የሚል ሲሆን፣ የስደትን ኑሮ የሚያውቅ ሁሉ ይህን ለማመን አይቸገርም። ሁለተኛው ደግሞ ቶሮንቶ የከረመው ኢትዮጵያዊ የጠያቂውን ቋንቋ ተምሯል፣ ገጠር ያለው ዘመዱ ግን ያንኑ ሕመም ይዞ «የለብኝም» ሊል ይችላል የሚል ነው። እኔ ሁለቱም በአንድነት እውነት ናቸው ብዬ እጠረጥራለሁ፤ የእያንዳንዳቸውን ድርሻ ለመለየት ግን ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም።

ያው ዘጠኝ ጥያቄ ያለው ቅጽ በአገር ቤት ሲፈተን የሆነውም ይህንኑ ያጠናክራል። በአዲስ አበባ ሆስፒታል በተደረገ ጥናት፣ በውጭ አገር እንደተለመደው፣ 10 ነጥብ ጥሩ መለያ (ድምሩ ከዚያ ሲደርስ ድብርት ሳይኖር አይቀርም የሚባልበት ነጥብ) ሆኖ ተገኝቷል። በጉራጌ አካባቢ ጤና ጣቢያዎች ግን የተሻለው መለያ 5 ነበር፤ በአሥር ቢለካ ኖሮ ብዙ የታመመ ሰው «ጤነኛ» ተብሎ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር ማለት ነው። በሁለቱ ቦታዎች መካከል ያለው መንገድ የግማሽ ቀን እንኳ አይደለም።

ከዚያ በታች ደግሞ ማንም ልብ የማይላቸው ጥቃቅን ነገሮች አሉ። ቅጹ «ባለፉት ሁለት ሳምንታት ውስጥ» ይላል፤ ቀኑን በበዓል የሚቆጥር ገበሬ ግን ሳምንት ደምሮ መመለስ ይቸግረዋል። ብልህ ጠያቂ «ከሚካኤል ወዲህ» ብሎ ቢጀምርና ቀኑ መድኃኔ ዓለም ቢሆን አሥራ አምስት ቀን ያገኛል። የምግብ ፍላጎት መቀነስን የሚጠይቀው ተራ ቁጥር በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ወይም በረመዳን ውስጥ ምን እንደሚለካ እኔ አልገባኝም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰው ሲጨንቀው በሽታውን የሚናገረው በሰውነቱ ነው፤ ሆዱ ይባባል፣ አንጀቱ ይላወሳል፣ ልቡ ይመታበታል፣ ሰውነቱን ያቃጥለዋል፣ ጭንቅላቱ ላይ የሚሄድ ነገር አለ። ይህን ሁሉ የተናገረ ታካሚ የራስ ምታት ክኒን ተሰጥቶት ሲሰናበት ማየት ብርቅ አይደለም።

አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንትሮፖሎጂስት አርተር ክላይንማን እ.ኤ.አ. በ1977 ለዚህ ዓይነቱ ችግር ስም አውጥቶለታል፤ የምድብ ስሕተት ይለዋል። በአንድ ባህል ውስጥ የተበጀን የሕመም ምድብ ወስደህ በሌላ ባህል ውስጥ መስፈርቱን የሚያሟላ ሰው ስትፈልግ፣ መፈለግህ ራሱ ማግኘትን ያመጣል፤ ምድቡ በዚያ አገር ትርጉም ያለው መሆኑን ግን አላረጋገጥህም። ትችቱ ፍሬ አላጣም። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር የሕመም መለያ መመሪያ በ1994ቱ (እ.ኤ.አ.) እትሙ የእኛን ዛር ባህል ነክ ከሚላቸው ሕመሞች ጋር ዘርዝሮት ነበር። በ2013ቱ እትም ዝርዝሩ አጥሮ ዛር ወጣ፤ የዚምባብዌ ሾናዎች «ኩፉንጊሲሳ» የሚሉት፣ ማለትም ሐሳብ ማብዛት፣ ገባ። ዛሩ ግን መመሪያው ስለታደሰ ባለዛሩን የለቀቀ አይመስለኝም። ሐሳብ ማብዛትንም «ሐሳብ ገደለኝ» የሚል አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል።

እስከዚህ ድረስ ለባህል የቆምሁ እመስላለሁ። ነገር ግን «ባህል» የሚለው ቃል ሌላም ሥራ ይሠራል፤ ይህ ሥራው ደግሞ ያሳስበኛል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ በዘጠኝ አገሮች ያካሄደው የስኪዞፍሬኒያ (ሰው ከእውነታ የሚርቅበት፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማበት ከባድ የአእምሮ ሕመም) ጥናት፣ በናይጄሪያ ኢባዳን፣ በሕንድ አግራና በኮሎምቢያ ካሊ ያሉ ሕሙማን ከለንደንና ከዋሽንግተን ሕሙማን የተሻለ እንዳገገሙ አሳየ። ግኝቱ ለብዙ ዓመታት እንደ ሃይማኖት ቀኖና ተደገመ፤ ደሃው አገር ዘመድ አለው፣ እርሻ አለው፣ ማኅበረሰቡ በሽተኛውን ያቅፈዋል ተባለ። እውነት ለመናገር እኔም ይህን ስሰማ ደስ ይለኝ ነበር፤ ራስን የሚያሞካሽ ሳይንስ ማን ይጠላል?

ቡታጅራ ደስታችንን አጠፋችው። ተመራማሪዎቹ አታላይ ዓለም፣ ደረጀ ከበደ፣ ተሾመ ሽብሬ፣ አበባው ፈቃዱና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራና አካባቢው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት እየሄዱ አጣርተው፣ ስኪዞፍሬኒያ ያለባቸው 321 ሰዎች አገኙ። በነዚህ ሕሙማን ዘንድ ሕመሙ ከሁለት ሦስተኛ በሚበልጡት ላይ ያለማቋረጥ የሚሄድ ነበር፤ የሥነ አእምሮ መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከአሥር በመቶ ያነሱ ነበሩ። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 919 ሰዎች ለአሥር ዓመት የተከታተለው ጥናት ደግሞ 121 መሞታቸውን፣ የሞቱትም ከሌላው ሰው ሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው መሆኑን፣ ግማሽ ያህሉም በተላላፊ በሽታ መሆኑን ዘገበ። ሆስፒታል ደርሶ የተመዘገበውን ብቻ ሳይሆን ጓዳ ውስጥ የተኛውንም ስትቆጥር የምታገኘው ሥዕል ይህ ነው። ዕድርና ጉርብትና ያለበት አገር ነው፤ ሰው ግን በሚድን በሽታ ሞተ።

ከዚሁ ጥናት እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ ሌላ ቁጥር አለ። በቡታጅራ ስኪዞፍሬኒያ ካለባቸው መካከል ወንዶቹ የሴቶቹን አምስት እጥፍ ገደማ ነበሩ፤ በሌላው ዓለም እንዲህ ያለ ልዩነት አልተለመደም። ምናልባት እውነተኛ ልዩነት ይኖራል። በዚያው አካባቢ የተደረገ ቀደም ያለ ጥናት ግን ሕዝቡ የከባድ አእምሮ ሕመም ምልክት የሚላቸው ብዙ መናገርን፣ ጠበኝነትንና እንግዳ ጠባይን መሆኑን አሳይቷል። ታዲያ ምድጃ ዳር ዝም ብላ የምትቀመጥን ሴት ማን ነው «ታማለች» ብሎ ለጠያቂው የሚጠቁመው? ይህ የእኔ ግምት ነው። ሆኖም ሕመምን በማወክ ብቻ የሚያውቅ ዓይን ዝምታን እንደ ጨዋነት ሊያየው እንደሚችል አምናለሁ።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ ክርክሩ ጸበል ወይስ መድኃኒት የሚል መልክ ይይዛል። ጥያቄው እንደዚህ መቅረቡ ራሱ ስሕተት ይመስለኛል፤ ቤተሰቡ ሁለቱንም አስቀድሞ እየሞከረ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትን ከጸበል ጋር መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ሲናገሩ ብዙ ምእመን እፎይ አለ፤ ለአእምሮ ሕመምም ያንኑ መንገድ ለመከተል በአዲስ አበባ በጸበል ቦታ አጥማቂዎችና የሥነ አእምሮ ሐኪሞች አብረው የሠሩበት ሙከራ በጽሑፍ ወጥቷል። በጋናና በናይጄሪያ የተካሄደው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመው ሙከራ ደግሞ የባህልና የእምነት ፈዋሾች ከጤና ሠራተኞች ጋር ተባብረው የረዷቸው ሕሙማን በስድስት ወር ውስጥ በተሻለ መንገድ እንዳገገሙ አሳይቷል። አብሮ መሥራት ይቻላል ማለት ነው፤ ሰንሰለቱ ከእግር እንዲወልቅ ግን አጥማቂውም ሐኪሙም መስማማት አለባቸው።

ስለ ሰንሰለት ካነሣሁ፣ በጉራጌ አካባቢ ባለችው በሶዶ ወረዳ የተደረጉት ጥናቶች የታመመ ልጁን በሰንሰለት ያሰረ አባት ጨካኝ ሳይሆን አማራጭ ያጣ ሰው መሆኑን ደጋግመው ይነግሩናል። ልጁ ገደል እንዳይገባ፣ ጎረቤት እንዳይገድለው ይፈራል። በዚያው በጉራጌ አካባቢ ለከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰጠውን እንክብካቤ የሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጡት ባላነሰ ውጤት ተራው ጤና ጣቢያ ሊሰጠው እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ሙከራ አረጋግጧል። ይሁን እንጂ በየጤና ጣቢያው መድኃኒቱ ሲያልቅ ቤተሰቡ ከግል መድኃኒት ቤት እንዲገዛ ይነገረዋል፤ ሲያጣ ወደ ጸበሉ ይመለሳል። በዚያ ጊዜ ሪፖርቱ ላይ «በባህላዊ እምነት ምክንያት ሕክምና አቋረጠ» ተብሎ ሲጻፍ አንብቤ አውቃለሁ። ያ ሰው ያቋረጠው ገንዘብ ስላነሰውና የአውቶቡስ ቀን ስላለፈው ነበር፤ ቅጹ ላይ ግን ለዚህ የተዘጋጀ ሣጥን አልነበረም።