ከ12፡40 እስከ 1፡00

ሳተላይቶች በሰማያችን የሚያልፉበትን ሰዓት የሚናገረውን ማስታወቂያ «ከምሽቱ 12፡40 እስከ 1፡00» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሰርዘው «12፡46» አደረጉት።

«መምህር፣ ወላጅ ጠርተን ሃያ ደቂቃ አንጋጣችሁ ቁሙ እንበል? ባለፈው የጠፈር ጣቢያውን በደቂቃው ነግረኸን አልነበር?»

ልክ ናቸው፣ ነግሬያቸዋለሁ። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ምህዋር ግን በየቀኑ ይለካል። እነዚህ ስታርሊንክ የሚባሉት የኢንተርኔት ሳተላይቶች ደግሞ ከመጠቁ ገና ሁለት ቀናቸው ነው። እጄ ላይ ያለው 12፡46 ከመምጠቃቸው በፊት የተሰላ ግምት ነው። ከግምቱ 1 ኪሎ ሜትር ከፍ ካሉ እያንዳንዱ ዙር ከ1 ሰከንድ ትንሽ በላይ ይረዝማል። በቀን 16 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ሰከንዱ ተጠራቅሞ ደቂቃ ይሆናል። ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው።

«እሱን ለክበቡ ልጆች ንገራቸው። ሰሌዳው ላይ አንድ ሰዓት ይበቃል።»

የጥቅምት ሰማይ ጥርት ብሎ ነበር። 12፡46 ሆነ፣ ምንም የለም። 12፡50 ላይ ሰዓታቸውን አዩና «በቃ፣ አልፏል። ብርድ ነው፣ ልጆቹን ይዛችሁ ግቡ» አሉ።

«ጋሼ፣ አላለፈም፤ ትንሽ ይታገሱ» ብል ማን ሰምቶኝ! ወላጆች ወደ በሩ ነጎዱ።

12፡53 ላይ ከአዘዞ በኩል ብቅ አሉ። አንዱ ልጅ «አውሮፕላን!» ብሎ ጮኸ። ከኋላው ሌላ መጣ፣ ከዚያ ሌላ፣ እንደ ክር ዶቃ ተሰልፈው። አናታችን ላይ ደርሰው ወደ ደባርቅ አቅጣጫ ሲያዘቀዝቁ የምድር ጥላ ውስጥ እየገቡ አንድ በአንድ ጠፉ። በሩ ላይ የነበሩት ዞረው አይተዋል። ባጃጅ የያዙት አላዩም። እስካሁን የሚቆጨኝ የእነሱ ነገር ነው።

በማግስቱ ስብሰባ ላይ «ሳተላይቱ 7 ደቂቃ ዘገየ» ተብሎ ቃለ ጉባኤ ተያዘ። እጄን አውጥቼ «የተሰረዘው ማስታወቂያም አብሮ ይያዝ» አልኩ። አልተያዘም።

በእረፍት ሰዓት አንዲት የክበባችን ልጅ ደብተሯን ይዛ መጣች። «ቲቸር፣ 7 ደቂቃውን ለ32 ዙር ሳካፍለው ለአንዱ 13 ሰከንድ ይደርሰዋል። ከግምቱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብለው ነበር ማለት ነው?»

ነው! ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። የዚያን ምሽቱን ትንበያ እሷው እንድታሰላ ሰጠኋት። ሰዓቱን ጻፈችና ከጎኑ «ሲደመር ሲቀነስ 3 ደቂቃ» ብላ ጨመረች።